ከጥቁር መልካ ማዶ

«ሻማውን ከመጋረጃው አርቂልኝ፣ ባብስ! በማርያም፣ አስከሬን በተጋደመበት ቤት እሳት ልታስነሺብኝ ነው?»

ባብስ ኮንሲዲን የሳንድዊቹን ሳህን በአንድ እጇ እንደያዘች ሻማውን በሌላው ገፋ አደረገችው። የቅርብ ጎረቤት ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ማዕድ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

«ዴሊያ፣ እህቴ፣ መጋረጃው እኮ ርጥብ ነው። ይህ ቤት ከፋሲካ ወዲህ ደርቆ አያውቅም። እንኳን በሻማ በላምባም አይያያዝልሽ።»

ዴሊያ ግን ሄዳ መጋረጃውን ዳሰሰችው። እውነትም ርጥብ ነው። ይህም አላረጋጋትም። መጋረጃው ከራሰ ግድግዳው ውኃ እያሰረገ ነው፤ ግድግዳው ካሰረገ ደግሞ አንድ ቀን… ሐሳቧን ሳትጨርስ አንዲት ሴት እጇን ጨብጣ «ያጽናሽ፣ የማላኪ ልጅ፤ ትልቅ ሰው ነበሩ» አለቻት። ዴሊያ ካገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ባሏ ጆንጆ እዚሁ ሚስቱ ቤት የገባ ሰው ስለሆነ አገሩ እስከ ዛሬ የሚጠራት በአባቷ ስም ነው።

አባቷ ማላኪ ሂሂር ከፊት ባለው ክፍል፣ በአገሩ ሟች እንደሚለብሰው፣ ቡናማ የመነኩሴ ልብስ ለብሰው ተጋድመዋል። መስታወቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ ሰዓቱ ቆሟል። መቁጠሪያው በጣቶቻቸው ላይ ተጠምጥሟል። ዴሊያ እነዚያን ጣቶች አሥሩንም ዝም ብለው ያየቻቸው በዕድሜዋ ገና አሁን ነው፤ ማንኪያ ይዘውም፣ ጸሎት ላይም፣ ተኝተውም ይንቀሳቀሱ ነበር።

ከባሕሩ የሚመጣው ዝናብ ማባራት አልቻለም። ስለዚህ ለቅሶኛ ይገባል እንጂ አይወጣም። ሁሉም «እስኪያባራ» እያለ ግድግዳውን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል፤ ወንዶቹ ሻይ ውስጥ ውስኪ ጠብ ያደርጋሉ። ዴሊያ ከማዕድ ቤት ወደ ፊት ክፍል ለመድረስ በሰው ትከሻና በግድግዳ መካከል በጎን እየሾለከች፣ በገዛ ቤቷ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ነው የምታልፈው።

በሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማች።

«ሰጥቷት ይሆን እንዴ?»

«ማንን?»

«ልጅቷን ነዋ፤ የልጁን ልጅ። አምስተኛውን።»

«ማላኪ? ማላኪ እንደሆነ ሰላምታውንም ከፍሎ ከፍሎ ነበር የሚሰጥ።»

ዴሊያን ሲያዩ ሁለቱም ሳል ያዛቸው።

ስለ ምን እንደሚያወሩ በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። በወንዝ መሻገሪያ ስም «ጥቁር መልካ» የሚባለው ዜማ ከዚህ ባሕር ዳር በቀር የትም አይገኝም። የሐዘን ዜማ ነው፤ ስልቻው በክርን እየተጫነ በሚነፋው በክርን ዋሽንት እንጂ በሌላ አይሆንም፤ በቫዮሊን የሞከሩት ሁሉ መንገድ ላይ ቀርተዋል። አምስት ክፍል አለው። ማላኪ አራቱን ለጠየቃቸው ሁሉ ይጫወቱ ነበር። አንድ ጊዜ ከደብሊን ቴፕ ተሸክሞ ለመጣ ሰው አራቱን ተጫውተው፣ ሻይ አጠጥተው፣ በር ድረስ ሸኝተውታል። አምስተኛውን የሚጫወቱት ግን የኋለኛውን ክፍል በር ዘግተው ለብቻቸው ነው። «እኔ ከመምህሬ እንደተቀበልኩት ለአንድ ሰው ነው የምሰጠው» ይሉ ነበር። «አራቱ ወንዙ መሀል ያደርሷችኋል፤ የሚያሻግረው አምስተኛው ነው።»

በአገሩ ልማድ የክርን ዋሽንት ተጫዋች ሲቀበር ተማሪው ከመቃብሩ አፍ ተቀምጦ የመምህሩን ዜማ ይጫወታል። የማላኪ የመጨረሻ ተማሪ የዴሊያ ልጅ ሙሪን ናት። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ማታ ደግሞ ሙሪን መርከብ ተሳፍራ ወደ ሊቨርፑል መሄድ አለባት፤ በአንድ ሆስፒታል ነርስነት እንድትማር ተቀብለዋታል።

ዴሊያ የኋለኛውን ክፍል በር ከፈት አድርጋ ገባች። ልጅቷ ከአያቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መሣሪያው ጭኗ ላይ ነው። ወናፉ ከቀኝ ክርኗ ሥር፣ ስልቻው ከግራ ክርኗ ሥር፣ ሳያቋርጡ የሚያጉረመርሙት ሦስቱ ቱቦዎች ጭኗ ላይ ተጋድመዋል። ግን አየር አልሞላችውም። ጣቶቿ ዋሽንቱ ላይ ያለ ድምፅ ይሄዳሉ፤ ይሄዱና አንድ ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ።

«ብይ፤ አንድ ነገር ቅመሺ። ትወድቂብኛለሽ።»

«አልወድቅም፣ እማ።»

«የሚወድቅ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሙሪን ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዓይኗ አብጧል። «እማ፣ ሰኞ አልሄድም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳላገኘው አልሄድም። አንድ ቦታ መኖር አለበት። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። በሩ ሥር ቆሞ የሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። ክረምቱን ሁሉ ቢፈጅም እዚሁ ሆኜ አገኘዋለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ተምሬ ወንዙ መሀል ትቼው ልሂድ?»

«ሆስፒታሉስ?»

«ሌላ ሰው ይውሰዱ።»

ከዴሊያ ደረት ላይ አንድ ከባድ ነገር ወረደ። ከሐምሌ ጀምሮ ያ መርከብ በሕልሟ ሲሰምጥ፣ ሲቃጠል፣ በጉም ውስጥ ጠፍቶ ሲቀር አይታዋለች። መርከቡ ቢደርስም የኪራይ ቤቱ ጋዝ አለ፤ ጋዙን ብታመልጥ የሚፈነዳ ቦምብ አለ፤ ቦምቡን ብታመልጥ ለስላሳ አንደበት ያለው ወንድ አለ። አሁን ሁሉም በአንድ ቃል ቀረ። ልጇ እዚሁ ናት፤ ከዓይኗ ሥር ናት።

ወዲያው ደግሞ ያ የወረደው ነገር ምን እንደሆነ ገባትና ደነገጠች። አምስተኛውን ክፍል እሷ ራሷ ታውቀዋለች። ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች። ማወቋን ደግሞ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ሳንድዊች አመጣልሻለሁ» አለችና በሩን ዘግታው ወጣች።

ማላኪ ሲያስተምሩ አይናገሩም ነበር። ኖታ አያውቁም፤ ቢያውቁም ይንቁት ነበር። ተማሪውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከኋላው ይቆማሉ። ሁለት እጃቸውን ትከሻው ላይ ያሳርፋሉ፤ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ። ከዚያ ዜማውን ትከሻው ላይ ይጫወቱታል። የትኛው ጣት እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደሚመታ፣ የትኛው ሳይነሳ እንደሚንቀጠቀጥ ተማሪው በቆዳው ይሰማዋል፤ የሰማውንም በራሱ ጣት ዋሽንቱ ላይ ያወርደዋል። «ጆሮ ይዋሻል» ይላሉ። «ትከሻ አይዋሽም።»

ሙሪን የጀመረችው ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው፤ ክርኗ ስልቻው ላይ አይደርስም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ ጎረቤቱን አስለቅሷል። ባብስ አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፋ «ዴሊያ፣ ላሚቷ ልትወልድ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። ሽማግሌው ግን አንድም ቀን አልተቆጧትም። ከረሜላ ኪሳቸው ውስጥ አይጠፋም፤ ቀልድ አይጠፋም። በበረዶ ቀን ጣቶቿን በመዳፋቸው ውስጥ አድርገው እስትንፋሳቸውን እፍ እያሉ ያሞቁላት ነበር። አገሩ ሁሉ ይወዳቸዋል፤ እሷም ትወዳቸዋለች። እንደ እሳቸው ደግና ጨዋታ ዐዋቂ ሰው በዚያ ደብር አልነበረም።

ግን አንዱን ክፍል ሳታጠራ ሌላውን አያሳዩአትም። አራተኛውን ከጨረሰች ሁለት ክረምት አልፏል። «አያቴ፣ አምስተኛውስ?» ስትላቸው ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገው «አልደረሽም፣ የኔ እርግብ። ምን ያስቸኩልሻል? የት ልትሄጂ ነው?» ይሏታል።

ዴሊያ ይህን ከማዕድ ቤት ሆና ስትሰማ እጇ ሊጡ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ቃሉ ያው ነው። ጉንጭ አቆነጣጠሩ እንኳ ያው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሙዚቀኞቹ መጡ። ሽማግሌው ፓቺ ታልቲ የቫዮሊን ሣጥኑን በኮቱ ሥር ከዝናቡ ደብቆ ቀድሞ ገባ። አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ከዚያ የሟቹን ግንባር በመዳፉ ነካ አደረገ።

«ይኸው ዛሬ እንኳ ከኔ ቀድመህ ተኛህ» አለው። «ሁልጊዜም ሙዚቃው ሞቅ ሲል ነው የምትሄደው።»

«ሻይ ይጠጣሉ፣ ጋሽ ፓቺ?» አለችው ዴሊያ።

«ሻይማ ለሟች ነው። ለኔ ሌላውን።»

ማዕድ ቤቱ ውስጥ እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ሙሪን መሣሪያዋን ታቅፋ መሀላቸው ገባች። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ልጅቷ አምስተኛውን ትፈልጋለች። ወዲያው ሁሉም ዐዋቂ ሆነ። አንዱ በልጅነቱ በመስኮት ሰምቶታል፤ በአፉ አዜመላት። ሙሪን ስልቻውን ሞልታ ሞከረችው፤ የታወቀ የዳንስ ዜማ ሆኖ ተገኘ። ሌላው «እንዲህ ነው» ብሎ በጉልበቱ እየመታ አንጎራጎረ፤ ያ ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ራሱ ነው፣ አካሄዱ ብቻ ተዛብቷል።

«እኔ የምለው» አለ ፓቺ፣ «አምስተኛው ባይኖርስ? ማላኪ በሩን ዘግቶ ሲያንኮራፋ ቢሆንስ? ሃምሳ ዓመት ስናማው ኖረናል።»

ሁሉም ሳቁ። ሙሪን አልሳቀችም። «አለ» አለች። «አራተኛው የሚያልቀው ተንጠልጥሎ ነው፤ እግር አንስቶ እንደ መቆም። እንደዚያ ተንጠልጥሎ የሚቀር ዜማ የለም።»

ፓቺ አያት አያትና ሳቁን ተወ። «ልክ ነሽ ልጄ። አለ። ግን ይዞት ሄዷል።» ብርጭቆውን አዟዟረ። «ወዳጄ ነበር፤ ክፉ አልናገርበትም። ሰው መሸኘት አይችልም ነበር፤ ይኸው ነው። ምሽት ላይ ልሂድ ብዬ ስነሳ ሁልጊዜ አንድ የቀረ ዜማ ነበረው። ‹ይቺን ሳትሰማ?› ይለኛል። እቀመጣለሁ። ሚስቱን ገና በጎልማሳነቱ የቀበረ ሰው ነው፤ ባዶ ወንበር ያስፈራው ነበር።»

ዴሊያ ዳቦ እየቆረጠች ነው። ቢላዋው አውራ ጣቷን ሊነካት ለጥቂት ሳታት። ዳቦው አይበቃም ብላ ፈራች፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ለሁለት ሠርግ የሚሆን ዳቦ ነበር።

እሷም አራተኛውን ጨርሳ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላት። ያኔ ማንቸስተር ያለች የአክስቷ ልጅ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታላት ነበር። ሻንጣ ሳይቀር ተገዝቷል፤ ቡናማ፣ ባለ ሁለት መቆለፊያ። «አባዬ፣ አምስተኛውን ስጡኝና ልሂድ» አለቻቸው። ጉንጯን ቆነጠጡ። «አልደረሽም፣ የኔ እርግብ። ለፋሲካ እንየው።» ፋሲካ ሆነ። «ድርቆሹ ይግባና።» ድርቆሹ ገባ። የማንቸስተሩን ሥራ ሌላ ልጅ ወሰደችው። ሻንጣው አልጋ ሥር ገብቶ የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ሆነ። ኋላ ጆንጆ መጣ፤ ደግ ሰው ነው፤ መጣና ገባ።

ጆንጆ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጠዋት የኋለኛውን ክፍል ግድግዳ ተደግፋ ቅቤ ስትንጥ የአምስተኛው ድምፅ መጣ። ግድግዳው እዚያ ላይ ቀጭን ነው። እጇ ሳያቆም ጆሮዋ ቆመ። ከዚያ ጀምሮ ቅቤውን ሁልጊዜ እዚያው ነው የምትንጠው። ክረምቱ ሳያልቅ ሁሉንም ያዘችው፤ ድምፁን በጆሮ፣ አጣጣሉን በጣት። አንድ ቀን ሽማግሌው ለገበያ በወጡበት የኋለኛውን ክፍል ዘግታ ተጫወተችው። ልክ ነበር። ተሻገረች።

ከዚያ መሣሪያውን ከሣጥኑ አግብታ ድንች ልጣ ቀቀለች።

የገባት ያን ቀን ነው። የያዛት ዜማው ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት በሩን ከፍታ መውጣት ትችል ነበር። ግን ከበሩ ማዶ መንገድ አለ፤ መንገዱ ላይ አውቶቡስ፤ ከአውቶቡሱ ወዲያ ባሕር። አልከፈተችውም። አባቷ ቆልፈውባት ነበር፤ እውነት ነው። ቁልፉ እጇ ከገባ በኋላ ግን ቁልፉን ዱቄት ውስጥ ደብቃ ከውስጥ የቆየችው እሷ ናት። መሣሪያውንም ዳግመኛ አልነካችም። ሰው ሲጠይቃት «ጊዜ የታለ?» ትላለች።

ማታ ራት ሰዓት ላይ የደብሩ ቄስ አባ ጊሊጋን መጥተው መቁጠሪያው ተጸለየ። ሰው ሁሉ ባለበት ተንበረከከ፤ ግማሹ ማዕድ ቤት፣ ግማሹ ኮሪደር፣ ፓቺ ታልቲ ወንበር ላይ ክርኑን ጥሎ። «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ሲሉ አባ፣ ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ይመልሳል። መስኮቶቹ በእስትንፋስ ጉም ለብሰዋል። ዴሊያ ዓይኗን ጨፍና መቃብሩን አሰበች፤ ጉድጓዱ ውኃ ቢሞላስ? ሣጥኑ ቢንሳፈፍስ? አፏ ጸሎቱን ይላል።

ዓይኗን ስትከፍት ሙሪን ከጎኗ ተንበርክካ ቁልቁል እያየች ነው፤ የእናቷን እጅ። ዴሊያም አየችው። መቁጠሪያው በጣቶቿ መካከል ነው። ጣቶቿ ግን አይቆጥሩም፤ ይነሳሉ፣ ይመታሉ፣ አንዱ ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ጨበጠችው።

«እማ» አለች ሙሪን በሹክሹክታ፣ «ጣቶችሽ ምን ሆነው ነው?»

«ቁርጥማት ነው።»

«ቁርጥማት ዜማ አለው?»

«ጸልዪ።»

«እማ፣ የግራ እጅሽ… አያቴ ሊሞቱ ሲሉ እንደዚያ…»

«ሙሪን! አባ እያዩሽ ነው።»

ጸሎቱ ሲያልቅ ዴሊያ ወተት ላመጣ ብላ ወጣች። ወተት ሞልቶ ነበር። በረቱ ውስጥ ላሚቷ ጎን ላይ ግንባሯን አሳርፋ ቆመች፤ ያ ቀን መጣባት።

አባቷ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ ምላሳቸው ተይዞ በተኙበት በመጨረሻው ቀን በዓይናቸው ሙሪንን ጠሩ። ልጅቷ ትራሱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችላቸው። ግራ እጃቸው በጭንቅ ተነሳና ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ቀኙ አንሶላው ላይ እንደ ሞተ ዓሣ ተጋድሟል። ሙሪን የመሰላት እያባበሏት ነው። «እዚህ ነኝ፣ አያቴ፤ የትም አልሄድም» እያለች እጃቸውን ሳመችው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና የዜማው ግማሽ ብቻ ወጣ። አልጋው ግርጌ የቆመችው ዴሊያ አወቀችው። አምስተኛውን እየሰጧት ነበር። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እየሸኙ ነበር፤ እጃቸው ግን አንድ ብቻ ነው። ቀና ሲሉ ከዴሊያ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ማወቋን ያን ጊዜ ያወቁ ይመስላታል። ለምነዋት ይሆን? ስለ ሾርባው አንድ ነገር ብላ ወጣች።

«እዚህ ነሽ?» ጆንጆ በረቱ በር ላይ ፋኖስ ይዞ ቆሟል። ኮቱ ውኃ ያንጠባጥባል። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሲናገርም ለላሚቷ የሚናገር ነው የሚመስለው። «ለሰኞ መኪና ለምኛለሁ። ባቡር ጣቢያ አደርሳታለሁ።»

«አልሄድም ብላለች እኮ።»

«ሰምቻለሁ።» ፋኖሱን ሰቀለ። «ዴሊያ፣ እኔ ዜማ አላውቅም። ጆሮዬ ድንጋይ ነው። ግን ስትተኚ ጣቶችሽ ጀርባዬ ላይ ይጫወታሉ። ከተጋባን ጀምሮ። አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብዬሽ አውቃለሁ?»

ዴሊያ ባልዲውን ከግድግዳው አወረደች።

«ክፉ ነገር እንዳይደርስባት ነው። ይገባኛል።»

«ይደርሳላ! አንተ ምን ታውቃለህ? ባሕር ነው፣ ከተማ ነው…»

«ሊደርስባት ይችላል» አለ ጆንጆ። የላሚቷን ጀርባ መታ መታ አደረገ። «እኛ እዚህ ምን ደረሰብን? ምንም። ምንም አልደረሰብንም፣ ዴሊያ።»

ቅዳሜ ዝናቡ አባርቶ ነፋስ ሆነ። ሣጥኑን በትከሻ ተሸክመው ወደ መቃብሩ ኮረብታ ወጡ። ከኋላቸው ጆንጆ የማዕድ ቤቱን ወንበር ይዞ ይከተላል፤ የክርን ዋሽንት ቆመው አይጫወቱትም። ዴሊያ ዓይኗን ከወንበሩ አላነሳችም። አንደኛው እግር አጠር ይላል። ጭቃው ውስጥ ቢሰምጥስ? ልጅቷ ከነመሣሪያው ጉድጓዱ ውስጥ ብትወድቅስ?

ሣጥኑ ወረደ። ጉድጓዱ ውኃ አልያዘም። አባ ጊሊጋን ጸሎቱን አሳርገው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ጆንጆ ወንበሩን አስቀመጠና በአጭሩ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ገፋ አደረገ። ሙሪን ተቀመጠች። ዋሽንቱ የሚያርፍበትን የቆዳ ቁራጭ ጉልበቷ ላይ አነጠፈች፤ ወናፉን ጎኗ ላይ አሰረች። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

ቱቦዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ክፍል መጣ። ዝቅ ያለ ነው፤ ውኃው ዳር እንደሚራመድ ሰው። ሁለተኛው ሲገባ ፓቺ ታልቲ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስተኛው ላይ ዋሽንቱ ከጉልበቷ ተነስቶ ሲጮህ ባብስ «እሰይ የኔ ልጅ» አለች በለሆሳስ። ሙሪን አልተሳሳተችም። አራተኛው ወደ መሀል ገባ፤ ውኃው ከጉልበት አለፈ፣ ከወገብ አለፈ። ዴሊያ እያንዳንዱን ጣት ታውቀዋለች። እያንዳንዱ ጣት ሲወርድ መሀል ወንዙ እየቀረበ ነው።

አራተኛው አለቀ። ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጅቷ ጣቶቿን አቆመች። ክርኗ ግን ስልቻውን አለቀቀም፤ ቱቦዎቹ ያጉረመርማሉ። መነሳት አልቻለችም፤ መቀጠልም አልቻለችም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ አሳለ። አካፋ የያዙት ሰዎች እንጀምር ወይስ እንቆይ እያሉ አባን ያያሉ። ከዚያ ወንበር ልጅቷ ዛሬም ነገም አትነሳም፤ ዴሊያ ይህን በግልጽ አየችው። አርባ አምስት ዓመት ሲሆናት፣ እጇ ሊጥ ውስጥ ሆኖ አየቻት።

ከዚያ መርከቡን አየችው። ሰኞ ማታ ነው፤ ነፋስ አለ። ጋዙን አየች፣ ጉሙን አየች፤ አንዱም አልቀረም።

ዴሊያ በጭቃው ላይ ሄደች። ከልጇ ኋላ ቆመችና ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ። ባብስ ለጎረቤቷ «እናት አይደለች፤ ልታጽናናት ነው» ስትል ተሰማ።

የሙሪን ጀርባ ቀጥ አለ።

የዴሊያ ጣቶች ተነሱ። ከሃያ ዓመት በላይ ዋሽንት ያልነኩ ጣቶች ናቸው፤ ቁርጥማቱም ውሸት አልነበረም። ግን ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ሐረግ ትከሻዋ ላይ አወረደችላት፤ የአንድ እስትንፋስ ያህል ዘግይቶ ያው ሐረግ ከዋሽንቱ ወጣ፤ ወደ ነፋሱ ገባ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ልጅቷ አንገቷን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ ትከሻዋን ለእናቷ እጅ ሰጠች። ፓቺ ታልቲ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ቀጥሎ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገው።

ክፍሉ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር ሙሪን አልጠበቀችም፤ ከእናቷ ጣቶች ጋር እኩል ሆነች፤ ኋላም ትንሽ ቀደመቻቸው። ዴሊያ ይህ በእጇ ሥር ሲሆን ተሰማት። አሁን የምትከተለው እሷ ናት።

ዜማው ማዶ ደርሶ ቆመ። ቱቦዎቹ ጥቂት አጉረምርመው ዝም አሉ።

ዴሊያ እጇ አሁንም የልጇ ትከሻ ላይ ነው። ኮቱ ስስ ነው፤ ለሊቨርፑል አይሆንም፤ ለእንደዚህ ያለ ነፋስ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ይህን ልትላት አፏን ከፈተችና ተወችው። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ የዋሽንት ቀዳዳ እንደሚከፍት ሰው፣ ከልጇ ትከሻ ላይ አነሳች።